የፍሮንቶሳ መንጋ በቤት ውስጥ ማቋቋም፦ ከባዶ መስታወት እስከ መጀመሪያዎቹ ጫጩቶች

ፍሮንቶሳ በታንጋኒካ ሐይቅ ብቻ የሚገኝ፣ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ የሆነ ትልቅ ዓሣ ነው። ነጣ ባለ ሰማያዊ ሰውነቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሰፋፊ ጥቁር መስመሮች አሉት፤ ዕድሜው ሲገፋ ግንባሩ ላይ ጉብታ ያወጣል፤ ወንዱ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከ25 ሴንቲ ሜትር አታልፍም። በአገራችን ሐይቆች የሚታወቀው ቆሮሶም የዚሁ የሲክሊድ ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ የሁለቱም እናቶች እንቁላላቸውን በአፋቸው ይዘው ያሳድጋሉ። በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ፍሮንቶሳ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ይህን ዓሣ ለማርባት የሚነሳ ሰው ውሳኔውን ቤት እንደሚሠራ ሰው አስቦበት ቢያደርገው ይበጃል።

በሐይቁ ውስጥ ፍሮንቶሳ የሚኖረው በድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሜትር በታች ባለው ጥልቀት፣ ብርሃኑ በደበዘዘበትና ውሃው በረጋበት ስፍራ፣ በመንጋ ሆኖ ነው። ፈጣን ዋናተኛ አይደለም፤ ንጋት ላይ ገና በድንዛዜ ላይ ያሉ ትንንሽ ዓሦችን ቀስ ብሎ ቀርቦ በመዋጥ ይመገባል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ምክር ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ ጠባዮች ነው፦ ሰፊ ወለል፣ ደብዛዛ ብርሃን፣ የማይለዋወጥ ውሃ፣ የማያስደነግጥ አካባቢ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁጥሩ የተሟላ መንጋ። አንድ ወይም ሁለት ፍሮንቶሳ ብቻውን የተቀመጠበት መስታወት (የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ) ዓሣውን በሕይወት ሊያቆየው ይችላል፤ ነገር ግን ዓሣው ተደብቆ ይውላል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ባለቤቱም ያየዋል ብሎ የገዛውን ነገር አያይም።

በተለምዶ ሰው ዓሣውን ገዝቶ ከመጣ በኋላ ስለ መስታወቱ መጨነቅ ይጀምራል። እዚህ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ ዓሣው የሚገዛው ከሁሉ በመጨረሻ ነው።

የመንጋውን ዓይነት አስቀድሞ መወሰን

ፍሮንቶሳ ተብሎ የሚሸጠው ዓሣ ሁለት ዝርያዎችን ያጠቃልላል። ሳይፎቲላፒያ ፍሮንቶሳ በሳይንስ የተገለጸው በ1906 ሲሆን በሐይቁ ሰሜናዊ ክፍል ይገኛል፤ የደቡቡ ሳይፎቲላፒያ ጊቤሮሳ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመው በ2003 ነው። በእነዚህ ውስጥ ደግሞ በተያዙበት ስፍራ የሚጠሩ ብዙ ዓይነቶች አሉ፤ ቡሩንዲ፣ ኪጎማ፣ ምፒምብዌ፣ ሞባና ካፓምፓ በገበያ ላይ በብዛት የሚሰሙት ናቸው። የኪጎማው ዓይነት በሰባት መስመሩ ሲለይ ሌሎቹ በአብዛኛው ስድስት መስመር አላቸው፤ የደቡቦቹ ዓይነቶች ደግሞ ሰማያዊ ቀለማቸው ጎላ ያለ በመሆኑ ዋጋቸውም ከፍ ይላል።

ለጀማሪ የቡሩንዲው ወይም የኪጎማው ዓይነት ይሻላል፤ ለማግኘት ይቀላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ዋናው ነገር ግን የትኛውም ቢመረጥ መንጋው በሙሉ ከአንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የተለያዩ ዓይነቶች በአንድ መስታወት ውስጥ እርስ በርስ ስለሚዳቀሉ፣ የሚወለዱት ጫጩቶች የየትኛውም ስፍራ ዓሣ የማይባሉ ይሆናሉ፤ ከእነርሱ የሚገዛ ሰውም ሳያውቅ ድቅሉን ያስፋፋል። ሻጩ የዓሣውን ዓይነት በስም መናገር ካልቻለ ከእርሱ አለመግዛት ተገቢ ነው።

መስታወቱና የሚቀመጥበት ቦታ

ለአንድ ወንድና ለስድስት ወይም ለሰባት ሴቶች የሚሆን መስታወት 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ጥሩ ነው። ይህ በስሌት 648 ሊትር ይይዛል፤ ድንጋዩና አሸዋው ከገባ በኋላ፣ ውሃውም እስከ አፉ ስለማይሞላ፣ እውነተኛው የውሃ መጠን ወደ 550 ሊትር ይሆናል። ከቁመት ይልቅ የወለል ስፋት እንዲበልጥ ያድርጉ፤ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሳይቸገር መዞር የሚችለው ስፋቱ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ነው። ከ400 ሊትር በታች በሆነ መስታወት ውስጥ ግልገሎችን ለጊዜው ማሳደግ ቢቻልም መንጋ ማቋቋም አይቻልም።

መስታወቱን በአካባቢው ባለሙያ ማሠራት ለሚፈልግ ሰው፣ ለዚህ ቁመት የመስታወቱ ውፍረት ከ12 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ ከላይ በርዝመቱና በአግድሙ ማጠናከሪያ እንዲኖረው፣ የሚለጠፍበት ሲሊኮንም ፀረ ሻጋታ ኬሚካል ያልተጨመረበት እንዲሆን መስማማት አለበት። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሲሊኮን ብዙውን ጊዜ ይህ ኬሚካል ስላለበት ዓሣን ይመርዛል። ሲሊኮኑ ለአንድ ሳምንት ያህል ከደረቀ በኋላ መስታወቱን በደጅ ወይም ውሃ ቢፈስ ጉዳት በማያደርስበት ቦታ ሞልተው ለሦስት ቀን ይመልከቱት።

ውሃው፣ መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መቀመጫው ተደምረው ወደ 900 ኪሎ ግራም ይጠጋሉ። መሬት ላይ ባለ ቤት፣ ጠንካራ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይህ ችግር አይሆንም፤ በኮንዶሚኒየም ወይም በእንጨት ወለል ላይ ግን ከግድግዳ ወይም ከምሰሶ አጠገብ፣ ጭነቱ በብዙ የወለል ተሸካሚዎች ላይ እንዲያርፍ ማስቀመጥና የሕንፃውን ባለሙያ መጠየቅ ያስፈልጋል። መቀመጫውን በያጅ በአርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ በሆነ ባለ አራት ማዕዘን) ብረት ሊሠራው ይችላል፤ ከላዩ ላይ ወፍራም ጣውላ፣ በጣውላውና በመስታወቱ መካከል ደግሞ ፎም ይነጠፋል። ውሃ ከመግባቱ በፊት በውሃ ልክ በርዝመቱም በስፋቱም ይለኩት፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የተዘነበለ መስታወት ዛሬ ባይፈነዳም በአንድ ጥግ ላይ ያለው ጫና ሲሊኮኑን ቀስ በቀስ ያላቅቀዋል። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ የሚያርፍበትን መስኮት አጠገብና ሰው የሚመላለስበትን በር ይሽሹ፤ ፍሮንቶሳ ደንጋጭ ነው፣ ሲደነግጥም ከመስታወቱ ጋር ይላተማል።

ማጣሪያ፣ ሙቀት፣ አየርና መብራት

ትልቅ ዓሣ ብዙ ቆሻሻ ያወጣል፤ ስለዚህ ማጣሪያው በሰዓት ቢያንስ የመስታወቱን ውሃ አራት ወይም አምስት ጊዜ የሚያዞር መሆን አለበት። ከአንድ ትልቅ ማጣሪያ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ማጣሪያ እመርጣለሁ፤ አንዱ ሲታጠብ ወይም ሲበላሽ ሌላው ይሠራል፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን የማጠብ ፈተናም አይኖርም። በማጣሪያው ውስጥ ከስፖንጁ በተጨማሪ የዓሣውን ቆሻሻ የሚቀይረው ባክቴሪያ የሚሰፍርበት የሴራሚክ ቀለበት ወይም ስንጥቅጥቅ ያለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በብዛት ይኑር።

የውሃው ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጠበቃል። በዚህ ጉዳይ የአዲስ አበባና የደገኛ ከተሞች ነዋሪ ማሞቂያውን መቆጠብ አይችልም፤ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ለ550 ሊትር ሁለት ባለ 300 ዋት ማሞቂያ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ማድረግ ተገቢ ነው። ሁለት መሆናቸው አንዱ ቢቃጠል ውሃው በአንድ ሌሊት እንዳይቀዘቅዝ፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ውሃውን ሊያፈላ እንዳይችል ያደርጋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ በሌለበት ክፍል ውስጥ ውሃው ከ28 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በመሆኑም በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ ውሃ በባሕር ጠለል ወደ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን በሊትር መያዝ ሲችል፣ በዚህ ከፍታ የሚይዘው ወደ 6.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በውጭ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አይነግሩም፤ የሚሰጡትን የዓሣ ቁጥር እንዳለ የሚወስድ የደጋ ነዋሪ ጠባብ በሆነ ኦክስጅን ላይ መንጋውን ያጨናንቃል። መፍትሔው የማጣሪያው መውጫ የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ ማድረግና በሁለቱም ጫፍ የአየር ፓምፕ ያለማቋረጥ ማሠራት ነው።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ጉዳት የሚመጣው ከብርድ ሳይሆን ከኦክስጅን እጥረት ነው። 550 ሊትር ውሃ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያጣው፤ ብርድ ልብስ ቢለብስ ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። ማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ውሃ ካልዞረላቸው ታፍነው መሞት የሚጀምሩት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ፣ ወይም ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል ከሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ጋር የተገናኘ አነስተኛ ፓምፕ፣ ከጌጥ መብራት በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከቆየ፣ የተዘጋውን ማጣሪያ ከማስነሳትዎ በፊት ከፍተው በውስጡ የታቆረውን ውሃ ይድፉ፤ ያ ውሃ የበሰበሰ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ወደ መስታወቱ ሲገለበጥ ዓሣ ሊገድል ይችላል።

የመስታወቱ መብራት ራሱ ደብዛዛ ይሁን። ስለ እርሱ ከዚህ የበለጠ የሚባል የለም።

ድንጋይና አሸዋ

ትልልቆቹ ድንጋዮች ከአሸዋው በፊት ይገባሉ። ከሥራቸው ስስ ፎም ተነጥፎ በቀጥታ በመስታወቱ ወለል ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ዓሣው ሥሩን ሲምስ ይገለበጥና መስታወት ይሰብራል። ዋሻዎቹ አንድ ጎልማሳ ዓሣ ሳይጋጭ የሚያልፍባቸው ሰፋፊዎች፣ ሁለት መውጫ ያላቸውና በመስታወቱ ሁለት ጫፎች የተከፈሉ ይሁኑ። አንድ መውጫ ብቻ ያለው ዋሻ ለተባረረ ዓሣ ወጥመድ ነው። የመካከሉ ወለል ለመዋኛ ክፍት ይቀመጥ። የኖራ ድንጋይ ከተገኘ ውሃውን ስለሚያጠነክር ተመራጭ ነው፤ ብረት የሚመስል አብረቅራቂ ደም ሥር ያለበትን ድንጋይ ግን አያስገቡ። አሸዋው የደቀቀና ሹል ያልሆነ ሆኖ፣ እጥቡ ጠርቶ እስኪወርድ ከታጠበ በኋላ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፋል።

ውሃውን እንደ ታንጋኒካ ማድረግ

የታንጋኒካ ሐይቅ ውሃ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም 7 መካከለኛ የሆነበት የአሲድነት መለኪያው፣ ከ8.6 እስከ 9 ገደማ ሲሆን ባይካርቦኔትና ማግኒዚየም በብዛት አለበት። በቤት ውስጥ ይህንን በትክክል መገልበጥ አያስፈልግም። ፒኤቹ በ8.0 እና በ8.8 መካከል ሆኖ ሳይዋዥቅ ቢቆይ፣ የካርቦኔት ጥንካሬው (ፒኤቹን የሚያረጋው የባይካርቦኔት መጠን) ከ10 እስከ 15 የጀርመን ዲግሪ በሚባለው መለኪያ፣ ጠቅላላ ጥንካሬው (የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን) ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ዓሣው ይስማማዋል። ዛሬ 8.8 ነገ 7.8 ከሚሆን ውሃ ይልቅ ሁልጊዜ 8.2 የሆነ ውሃ እጅግ ይሻላል።

ማንኛውንም ነገር ከመጨመር በፊት የራስን የቧንቧ ውሃ መለካት ግዴታ ነው። አዲስ አበባ ውሃዋን ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦችም ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶችም ስለምታገኝ፣ በአንዱ ሰፈር የተለካው በሌላው ላይሠራ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ፣ እዚያ የሚኖር ሰው ምንም ሳይጨምር የሚፈልገውን ፒኤች ሊያገኝ ይችላል።

ውሃው ለስላሳ ከሆነ ሁለት ርካሽ ነገሮች ይበቃሉ። የካርቦኔት ጥንካሬን በ1 ዲግሪ ለማሳደግ ለእያንዳንዱ 100 ሊትር 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል፤ ጠቅላላ ጥንካሬን በ1 ዲግሪ ለማሳደግ ደግሞ ለ100 ሊትር 4.4 ግራም ኤፕሰም ጨው (ማግኒዚየም ሰልፌት) ይጨመራል። ለምሳሌ የ550 ሊትሩን ውሃ የካርቦኔት ጥንካሬ ከ4 ወደ 12 ዲግሪ ለማድረስ 132 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ ጠቅላላ ጥንካሬውን በ5 ዲግሪ ለመጨመር 121 ግራም ኤፕሰም ጨው ያስፈልጋል። በሱቅ አጠገብ ለአጠገብ የሚደረደሩት ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም፤ ቤኪንግ ፓውደር አሲድና ስታርች ስላለበት ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ኤፕሰም ጨው የሚሰጠው ማግኒዚየም ብቻ ስለሆነ ካልሲየሙ ከኖራ ድንጋዩ ወይም ከቀንድ አውጣ ዛጎል ከተሠራ አሸዋ ይመጣል።

ዓሣ ሳይገባ በፊት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊጨመር ይችላል። ዓሣ ከገባ በኋላ ግን ማንኛውም ለውጥ በብዙ ቀናት ተከፋፍሎ ይደረግ። ደግሞም በትነት የጎደለው ውሃ የሚተካው ምንም ባልተጨመረበት ውሃ ነው፤ ውሃው ሲተን ጨዉ መስታወቱ ውስጥ ይቀራልና። በደረቅ አየር በሳምንት ብዙ ሊትር ስለሚተን ይህን የሚዘነጋ ሰው ጥንካሬው ለምን በየወሩ እንደሚያሻቅብ ግራ ይገባዋል።

ክሎሪንን በተመለከተ፣ ውሃን በሮቶ ወይም በበርሜል አጠራቅሞ የአየር ፓምፕ እያሠሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማሳደር ያስወግደዋል። ክሎሪንና አሞኒያ ተዋህደው የሚሆኑት ክሎራሚን ግን በማሳደር አይወጣም። እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ፣ የቧንቧ ውሃቸው በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል በክሎራሚን በሚታከም ከተሞች የሚኖሩ ወገኖች፣ ክሎራሚኑን ከመስበር አልፎ የሚለቀቀውን አሞኒያ ጭምር የሚይዝ የውሃ ማከሚያ መጠቀም አለባቸው። የአሞኒያው ነገር ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስብ ቀጥሎ ይታያል።

ባክቴሪያውን ማልማት

ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ በመጀመሪያው ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ በሌላ ባክቴሪያ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይቀየራል። በማንኛውም መስታወት ይህ አስፈላጊ ነው፤ በታንጋኒካ ውሃ ግን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ብዙ የማይጎዳ ሲሆን ሁለተኛው መርዝ ነው፤ የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው ፒኤቹ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ላይ ፒኤቹ 7 ከሆነ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤቹ 8.5 ሲሆን ወደ 15 በመቶ፣ 9 ሲሆን ደግሞ ከ35 በመቶ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ዓሣ የሚታገሰው ጥቂት አሞኒያ ፍሮንቶሳን ይገድላል።

ልማቱ ያለ ዓሣ ይከናወናል። ማጣሪያው፣ ማሞቂያውና አየሩ ሁሉ እየሠሩ፣ ሽቶም ሳሙናም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ አሞኒያ ወይም አሞኒየም ክሎራይድ መለኪያው 2 ሚሊ ግራም በሊትር እስኪያሳይ ድረስ ይጨመራል። ይህ ካልተገኘ ጥቂት የዓሣ ምግብ ወይም ቁራጭ ሽሪምፕ በስቶኪንግ ተቋጥሮ እንዲበሰብስ ይደረጋል፤ ይሸታል፣ መጠኑንም መቆጣጠር ያስቸግራል፣ ነገር ግን ይሠራል። አሞኒያው መውረድ ሲጀምር ናይትራይት ይነሣል፤ ከዚያም እርሱ በተራው ይወርዳል። ሥራው አለቀ የሚባለው 2 ሚሊ ግራም አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲያሳይ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ በደንብ ከሚሠራ ጤነኛ መስታወት የተወሰደ ያልታጠበ ስፖንጅ ከተገኘ ግን ጊዜው በግማሽ ሊያጥር ይችላል። ዓሣው ከመግባቱ ከአንድ ቀን በፊት አብዛኛውን ውሃ በመቀየር የተከማቸው ናይትሬት ይወገዳል።

ዓሣውን መምረጥና ለይቶ ማቆየት

መንጋ በሁለት መንገድ ሊጀመር ይችላል። አንደኛው ጎልማሶችን፣ አንድ ወንድና ብዙ ሴቶችን፣ አንድ ላይ መግዛት ነው፤ ፈጣን ቢሆንም ውድ ነው፣ የሌላ ሰው ያረጀ ወይም ያልተስማማ መንጋ የመረከብ ዕድልም አለው። ሁለተኛውና የተሻለው ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የደረሱ፣ ከአንድ ቦታ የመጡ ከ10 እስከ 12 ግልገሎች ገዝቶ አብሮ ማሳደግ ነው። አብረው ያደጉ ዓሦች ደረጃቸውን በትንሽነታቸው ስለሚወስኑ ሲጎለምሱ የሚካሄደው ጠብ ይቀንሳል። ዋጋው ትዕግሥት ነው፤ ፍሮንቶሳ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለመራባት ሦስት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ጾታን በትንሽነት መለየት አይቻልም ማለት ይቻላል። ጉብታው በሴቷም ላይ ስለሚወጣ ምስክር አይሆንም። ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆኑ የመራቢያ ቀዳዳቸውን በማየት ልምድ ያለው ሰው ሊለያቸው ይችላል። ስለሆነም 12 ግልገል የሚገዛው ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናል፣ ትርፍ ወንዶቹም ወደፊት ይወጣሉ በሚል ስሌት ነው።

ሲመርጡ ሆዱ ያልጎደጎደ፣ የግንባሩ ሥጋ ያልሟሸሸ፣ ዓይኑ የጠራ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ሳያዘነብል የሚዋኝ ዓሣ ይውሰዱ፤ ሻጩንም ሲመገቡ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። የተገዙት በቀጥታ ወደ ትልቁ መስታወት አይገቡም። ከ100 እስከ 150 ሊትር በሚይዝ፣ ስፖንጅ ማጣሪያው አስቀድሞ ባክቴሪያ በለማበት ማቆያ ውስጥ አራት ሳምንት ይቆያሉ፤ ሁሉም ዓሦች በአንድ ጊዜ የሚመጡና ትልቁ መስታወት ባዶ ከሆነ ግን ራሱ ትልቁ መስታወት ማቆያ ሊሆን ይችላል።

ማስገባትና የመጀመሪያዎቹ ወራት

መብራቱ ይጥፋ። ከረጢቱ ሙቀቱ እስኪመጣጠን ከተንሳፈፈ በኋላ የመስታወቱ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ለ45 ደቂቃ ያህል ይጨመርበት፤ ከዚያ ዓሦቹ በመረብ ተለይተው ይገባሉ፣ የከረጢቱ ውሃ ግን ይደፋል። ለረጅም ሰዓት በጉዞ የቆየ ከረጢት ሲከፈት ፒኤቹ ስለሚነሣ፣ በውስጡ የተከማቸው አሞኒያ በአንዴ መርዛማ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ ከሰዓት ሙሉ ማመቻቸት ይልቅ ቶሎ ማውጣት ይሻላል። ሁሉም በአንድ ቀን ይግቡ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መደበቃቸውና አለመብላታቸው የተለመደ ነው። ከዚያ ደረጃ ማውጣት ይጀመራል፤ አንዱ ወንድ የተሻለውን ዋሻ ይይዛል፣ ሌሎቹን በክንፉ እየተቆጣ ያርቃል። መባረርና ጥቃቅን የክንፍ ቅዳጅ አያስጨንቁ። አንድ ዓሣ ግን ከውሃው ገጽ አጠገብ በጥግ ተወሽቆ ከዋለ፣ ምግብ ሲመጣ ካልወረደ፣ ክንፉም ከነሥሩ መበጣጠስ ከጀመረ፣ ነገ አያለሁ ሳይባል የዚያኑ ቀን ይወጣል። መንጋው ሲጎለምስ ለአንድ ወንድ ቢያንስ አራት ሴት እንዲኖር ትርፍ ወንዶች በየጊዜው ይቀነሳሉ፤ በዚህ መጠን መስታወት ውስጥ ሁለተኛ ወንድ የሚታገሰው ለዋናው ወንድ ፈጽሞ የሚገዛ ከሆነ ብቻ ነው። አዲስ ዓሣ ለብቻው በተደላደለ መንጋ ላይ መጨመር አይመከርም፤ ግድ ከሆነ ድንጋዮቹን እንደገና ደርድሮ፣ ሁለት ወይም ሦስት አዲስ አብሮ፣ በጨለማ ማስገባት ነው።

ሌላ ዓይነት ዓሣ መቀላቀል ለሚያምረው ሰው የምሰጠው ምክር አለመቀላቀል ነው። ምቡና የሚባሉት የማላዊ ሐይቅ ትንንሽ ሲክሊዶች በፍጥነታቸውና በጠበኝነታቸው ፍሮንቶሳን ያስጨንቁታል፤ በአፉ የሚገባ ማንኛውም ዓሣ ደግሞ አንድ ንጋት ላይ ይጠፋል። ኩኩ የሚባለው የታንጋኒካ አምባዛ ከሁሉ ይከፋል፤ እንቁላሉን በሲክሊዶች እንቁላል መካከል ስለሚጥል እናቲቱ ሳታውቅ ትይዘዋለች፣ ቀድሞ የሚፈለፈለውም ባዕድ ጫጩት የራሷን ልጆች በአፏ ውስጥ ይበላቸዋል።

ምግብና ሳምንታዊ እንክብካቤ

የሚሰምጥ እንክብል ምግብ፣ በረዶው ሟሙቶ የታጠበ ሽሪምፕና የዓሣ ሥጋ ቁራጭ ይበቃቸዋል። ተንሳፋፊ ምግብ አይስጡ፤ ከገጽ ላይ ሲለቅሙ አየር ስለሚውጡ ተንሳፍፈው ወይም በጭንቅላታቸው ተዘቅዝቀው መዋኘት ያመጣባቸዋል። የበሬ ልብና ሌላ የቀንድ ከብት ሥጋ ስቡ ስለማይፈጭላቸው ይቅር። ግልገሎች በቀን ሁለት ጊዜ በጥቂቱ፣ ጎልማሶች በቀን አንዴ ይመገባሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጾም ይጠቅማቸዋል።

በየሳምንቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ውሃ ይቀየራል፤ አዲሱ ውሃ ሙቀቱም ጥንካሬውም አስቀድሞ በበርሜል ተስተካክሎ የተዘጋጀ ይሁን። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የዚህ ማጠራቀሚያ ጥቅም እጥፍ ነው። ናይትሬቱ ከ40 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ20 በታች እንዲሆን ይለኩ። የማጣሪያው ስፖንጅ ከመስታወቱ በወጣ ውሃ ብቻ ይታጠባል፤ የቧንቧው ክሎሪን የለማውን ባክቴሪያ ይገድላል።

ሆድ መንፋት የታንጋኒካ ዓሦች ዋና በሽታ ነው። ምግብ አንሥቶ መትፋት፣ ነጭና ክር መሳይ ዓይነ ምድር፣ ፈጣን ትንፋሽና ያበጠ ሆድ ምልክቶቹ ናቸው። ሆዱ ካበጠ በኋላ ማዳን ይከብዳል፤ ምግብ መትፋቱ እንደታየ ወደ ማቆያ አውጥቶ፣ ለ40 ሊትር ውሃ 250 ሚሊ ግራም ሜትሮኒዳዞል የተባለ መድኃኒት፣ በየሁለት ቀኑ ከፊል ውሃ እየቀየሩ መድገም የተለመደ ሕክምና ነው። በዚያው ቀን የትልቁን መስታወት ናይትሬት ይለኩ፤ መንሥኤው አብዛኛውን ጊዜ በቆሸሸ ውሃ፣ በማይስማማ ምግብ ወይም በመንጋው ጭንቀት ዙሪያ ይገኛል።

እርባታ

ሲደርሱ ብዙ ግርግር አይታይም። ወንዱ ሴቷን ወደ ዋሻው እየመራ ይንቀጠቀጣል፤ እርሷ ትልልቅ እንቁላሎቿን ጥላ በአፏ ትሰበስባለች። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ከ20 እስከ 60 ይሆናል። ጉሮሮዋ ወደ ታች ያበጠና ምግብ የማትነካ ሴት እንቁላል ይዛለች ማለት ነው። ወጣት ሴቶች የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች መዋጣቸው የተለመደ ስለሆነ በዚያ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ሴቷ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ትይዛለች። መንጋው ውስጥ ከተፈቱ ጫጩቶቹ በአብዛኛው ይበላሉ፤ ስለዚህ አራተኛው ሳምንት ሲሞላ ሴቷን ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ወደ ሌላ መስታወት ማዛወርና እዚያ እንድትፈታቸው ማድረግ ይቻላል። አፏን በእጅ ከፍቶ ማስተፋትም ይሠራል፤ ልምድ የሌለው ሰው ግን መንጋጋዋን ሊጎዳ ስለሚችል መጀመሪያ ከሚያውቅ ሰው ጋር ያድርገው። ከፈታች በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻዋን ትመገብና ትጠንክር፤ የከሳች ሴት ወዲያው ከተመለሰች መንጋው ያጠቃታል።

ጫጩቶቹ ከ60 እስከ 100 ሊትር ባለው መስታወት፣ በስፖንጅ ማጣሪያ፣ አዲስ በተፈለፈለ አርቴሚያ (ሽሪምፕ መሳይ ጥቃቅን የውሃ እንስሳ) እና በደቀቀ እንክብል ያድጋሉ። 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ ለሌላ አርቢ መስጠት ይቻላል፤ በሚሰጡበት ጊዜ የዓይነቱን ስም ጽፈው አብረው ይስጡ። ከእነርሱ አዲስ መንጋ ማቋቋም የሚፈልግ ሰው ወንድምና እኅት ብቻ እንዳይሆኑ ከሌላ አርቢ ተመሳሳይ ዓይነት ጋር ይለዋወጥ። ትርፍ የሆነ ወንድ ተቀባይ እስኪያገኝ በማቆያው ይቆይ እንጂ፣ ወደ አዋሽም ሆነ ወደ ማንኛውም ወንዝና ሐይቅ አይለቀቅም።